የተሸነፈው ወገን ታሪክ በልብ ወለድ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይባላል። በቤተ እስራኤል ታሪክ ግን ብዙውን የጻፈው የወጋው ወገን ነው፤ የተወጋው በቃል ሲያስታውስ ኖሯል። ስለዚህ በአይሁድ ሃይማኖት ስለ ኖሩት ወገኖቻችን ታሪካዊ ልብ ወለድ ለመጻፍ የሚነሣ ወጣት፣ አስቀድሞ የመሰከረው ማን እንደ ሆነ ሊጠይቅ ይገባዋል።

በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል በስሜን ያደረጉትን ዘመቻ ዜና መዋዕላቸው በግዕዝ ይተርካል። አንዲት ምርኮኛ ሴት፣ እጅዋ ከማራኪዋ ጋር እንደ ታሰረ፣ አምላኳን ጠርታ ከገደል ስትወረወር እርሱንም ይዛው እንደ ወደቀች ተጽፏል። የንጉሥ ጸሓፊ የጠላትን ድፍረት ሳይሸሽግ መጻፉ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን እናትዋ ማን እንደ ነበረች፣ ምን ዓይነት ቤት ትታ እንደ ወጣች አልነገረንም። የደራሲ ሥራ ከዚህ ይጀምራል።

ባዶውን ስፍራ ለመሙላት ሲሞከር ሁለት ስሕተት ይደርሳል። አንደኛው ከውጭ አገር መጽሐፍ ቀድቶ ያችን ሴት በዕብራይስጥ ማስጸለይ፣ መንደሯንም በረቢ ማስመራት ነው። ቤተ እስራኤል ግን ኦሪትን የሚያነቡት በግዕዝ ነበር፤ የራሳቸው ቀሳውስትና መነኮሳት ነበሯቸው፤ ስግድንም ተራራ ወጥተው ያከብሩ ነበር። ሁለተኛውና የከፋው የገበያ ሐሜትን ወደ መጽሐፍ ማግባት ነው። በአገራችን ሸክላ ሠሪውንና ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ» ማለት ለብዙ ዘመን ኖሯል፤ ቤተ እስራኤልም በዚህ ስም እጅግ ተጎድተዋል። ሐሜት በቀለም ሲጻፍ ማስረጃ ይመስላል፤ ሙት ደግሞ ተነሥቶ አይከራከርም።

በቁይ ተቀምጦ የሚጽፍ ወጣት ቤተ መጻሕፍት ራቀኝ ብሎ ተስፋ አይቁረጥ። ግዕዙን የሚፈታ ሊቅ በጎጃም አይታጣም። ሸክላ ሠሪዋንም ቀርቦ ጭቃውን እንዴት እንደምታቦካ፣ ሸክላውንም እንዴት እንደምታቃጥል በአክብሮት ይጠይቃት። ከቤተ እስራኤል ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ስለ ሄዱ፣ የአባቶቻቸውን ትዝታ በስልክም ቢሆን ከእነርሱ ይፈልግ።

ከዚያ በኋላ ያስብ፤ ያልተጻፈውንም ይፍጠር፤ ፈጠራውን ግን እንደ ታሪክ ቆጥሮ ለአንባቢ አያቅርብ። ጽፎ ሲጨርስም፣ «ያች ሴት ይህን ብትሰማ ‹እውነት ነው፤ እኔ ነኝ› ትል ነበርን?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ትላለች ብሎ በልቡ ካላመነ ብዕሩን አያሳርፍ፤ እንደ ገና ይመርምር።