ስለ ትውልድ ቈጠራ መጻሕፍት

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በየቤተ ሰቡ የትውልድ መጽሐፍ ማሳተም እየተለመደ መጥቷል። ዘመዳሞች ይሰበሰባሉ፤ ኮሚቴ ያቋቁማሉ፤ ባሕር ማዶ ያሉት የኅትመቱን ገንዘብ ያዋጣሉ፤ አገር ቤት ያሉት ሽማግሌዎቹን ይጠይቃሉ፤ ከዚያም የዋናው አባት ስም በትልልቅ ፊደል የተጻፈበት፥ በጥሩ ወረቀት የታተመ መጽሐፍ ይወጣል። ከእነዚህ መካከል እጃችን የገቡትን ስድስት ሰባት ያህሉን ደጋግመን አንብበናል። የአዘጋጆቹ ድካም ምስጋና የሚገባው መሆኑን አስቀድመን እንናገራለን። ዳሩ ግን ነገሩ መጽሐፍ ሆኖ ከወጣ በኋላ የቤተ ሰብ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የአንባቢ ሁሉ ጉዳይ ሆኗልና፥ ምስጋናው ትችቱን ሊያስቀርብን አይገባም።

ትውልድ መቍጠር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችን የሚቈጥሩት ግን ለጌጥ አልነበረም፤ ለሁለት ብርቱ ጉዳይ ነበር፤ ይኸውም ለጋብቻና ለርስት ነው። እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ እንዳይጋቡ ሽማግሌዎች የሁለቱን ወገን ቈጥረው ያመሳክሩ ነበር። በርስት በኩልም፥ ይልቁንም በጎጃምና በበጌምድር፥ መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው ሰው ዋና አባት ይባላል፤ ከእርሱ በታች ያሉት ምንዝር አባቶች ይባላሉ፤ ከእነዚህ እወለዳለሁ የሚል ሁሉ ቈጥሮ ማስረዳት ከቻለ ድርሻውን ይጠይቃል። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. እስከ ታወጀ ድረስ፥ ትውልዱን መቍጠር የማይችል ሰው በዳኛ ፊት ባዶ እጁን የቆመ ያህል ነበር።

እንግዲህ ቈጠራው ሙግት ነበር ማለት ነው። አንዱ ወገን ለእርሱ በሚስማማው መንገድ ይቈጥራል፤ ባላጋራው ደግሞ «ይህ አባት ልጅ አልነበረውም» ብሎ ያፈርስበታል። ከእንዲህ ያለው ሙግት የተረፈው ወረቀት ዛሬ ለትውልድ መጽሐፍ ምንጭ ይሆናል። የመጻሕፍቱም የመጀመሪያ ጕድለት ከዚህ ይነሣል፤ አዘጋጆቹ የተከራካሪን ቃል እንደ ምስክር ቃል አድርገው ይገለብጡታል። ማን ተናገረው፥ በማን ላይ ተናገረው፥ ምን ሊያገኝበት ተናገረው ብሎ የሚጠይቅ አላገኘንም። እኛ ኑሯችን በመዝገብ ቤት ስለ ሆነ ይህ ጥያቄ ልማድ ሆኖብን ይሆናል፤ ነገር ግን ከጥቅሙ ጋር የሚሄድ ቃል በጥርጣሬ፥ ከጥቅሙ ጋር የሚጋጭ ቃል በእምነት መታየት እንዳለበት ለማወቅ የመዝገብ ቤት ሰው መሆን አያስፈልግም።

ሁለተኛው ምንጭ በየቤተ ክርስቲያኑ ያለው የወንጌልና የሌላው ብራና ኅዳግ ነው። የመሬት ስጦታና ሽያጭ፥ ውርስና ዕርቅ የሚጻፈው በዚያ ነበር፤ የሻጭና የገዢ ስም፥ በወቄት ወርቅ የተነገረው ዋጋ፥ የምስክሮቹ ዝርዝር፥ በመጨረሻም ቃሉን በሚያፈርስ ላይ የሚወርደው ውግዘት። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ በአገራችን ተሠርቶ ከ9000 በላይ መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ ስለዚህ ብዙውን ኅዳግ ለማየት ዛሬ ገዳም ለገዳም መዞር አያስፈልግም። ካነበብናቸው መጻሕፍት ግን ኅዳግ የጠቀሱት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም በዘመን አቈጣጠር ተሰናክለዋል። ጸሐፊው ብዙ ጊዜ የሚጽፈው «በዘመነ ማርቆስ፥ በአለቃ እገሌ ጊዜ» ብሎ ነው። ዘመነ ማርቆስ በየ4 ዓመቱ ይመለሳል፤ አለቃው መቼ እንደ ተሾመ ካልታወቀ ዓመቱ አይታወቅም። በዓመተ ዓለም የተጻፈ እንደ ሆነ ግን ማረጋገጫ አለ። ለምሳሌ ያህል 7262 ዓመተ ዓለም የሚል ብናገኝ፥ 5500 ስንቀንስ 1762 ዓመተ ምሕረት ይሆናል፤ 7262ን ለ4 ስናካፍል 2 ስለሚተርፍ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። ጽሑፉ ዘመነ ሉቃስ ቢል አንዱ ስሕተት መሆኑን እናውቃለን። ይህን ያህል ሒሳብ የተማሪ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የሠራው አልተገኘም።

ስሙም ሌላ መሰናክል ነው። አንድ ሰው በቤቱ አንድ ስም፥ በክርስትናው ሌላ ስም፥ በጦር ሜዳ ደግሞ የፈረስ ስም ነበረው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት ካሣ ነበሩ፤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛም ካሣ ነበሩ፤ አንዱን አባ ታጠቅ፥ ሁለተኛውን አባ በዝብዝ እያለ የሚለያቸው የፈረሳቸው ስም ነው። በነገሥታቱ ላይ እንዲህ ያለ መመሳሰል ከደረሰ፥ ስማቸው በአንድ ኅዳግ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ የተጻፈውን ባላባቶች ያለ ጥንቃቄ አያት ቅድመ አያት ማድረግ ከባድ ድፍረት ነው። በየአካባቢው ያለው አጠራርም ይለያያል፤ ቅማት፥ ምንጅላት፥ እንጅላት የሚለውን ቅደም ተከተል ሁሉም አገር በአንድ ዐይነት አይቈጥረውም። የልደትና የሞት መዝገብ በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት በመላ አገሪቱ መጻፍ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነውና፥ ከዚያ በፊት ላለው ከቃልና ከተበታተነ ወረቀት ሌላ መጠጊያ የለንም።

አንደኛው መጽሐፍ ዘሩን በ12 ትውልድ ከዐፄ ይኵኖ አምላክ ያደርሰዋል። ዐፄ ይኵኖ አምላክ የነገሡት በ1262 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከ750 ዓመት በላይ ሆኗል። ይህን ለ12 ብናካፍለው እያንዳንዱ አባት ልጁን የወለደ ከ60 ዓመቱ በኋላ ነው ማለት ነው። አንድ ሁለቱ እንዲህ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አሥራ ሁለቱም በተራ ቢሆኑ ግን ተአምር ይሆናል። እነዚህን ሰዎች ዘራቸው ከንጉሥ አይደርስም አንልም፤ መጽሐፋቸው አላደረሰውም ነው የምንለው።

ከሁሉ የበለጠ ያሳዘነን ግን የእናቶች መጥፋት ነው። ሁሉም መጻሕፍት ከአባት ወደ አባት ብቻ ይወጣሉ። ወላጆቻችን 2 ናቸው፤ አያቶቻችን 4፤ እንዲህ እያልን ሰባተኛው ቤት ስንደርስ 128 ይሆናሉ። የአባት መሥመር ብቻ የሚጽፍ መጽሐፍ በዚያ ቤት ካሉት ከ128ቱ የአንዱን ስም ብቻ ይነግረናል። አያቶቻችን ጋብቻ ሲመረምሩ የሚቈጥሩት ግን ሁሉንም ነበር፤ ርስትም በእናትም በአባትም በኩል ይወረስ ነበር። ከጎንደር ዘመን በተረፉት የመሬት ጽሑፎች ውስጥ ሴቶች ሲሸጡ፥ ሲገዙ፥ ሲሟገቱ ይገኛሉ። ያ ሁሉ የተጻፈበት ወንጌልም ቢሆን በማቴዎስ በኩል የሚጀምረው በትውልድ ቈጠራ ነው፤ ትዕማርን፥ ራኬብን፥ ሩትን፥ የኦርዮንንም ሚስት ሳያስቀር ይቈጥራል። የእኛ አዘጋጆች በኅዳጉ ላይ ያለውን ሲፈልጉ ከመካከል ያለውን አላነበቡም ይሆን?

ስለ አጻጻፉ ብዙ አንልም። ሟቾቹ ሁሉ ጀግና፥ ሁሉም ቸር፥ ሁሉም አገር ወዳድ ናቸው፤ ስማቸው ቢለዋወጥ ሙገሳው አይለወጥም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት «የሕይወት ታሪክ» አንድን ሰው በጥቂት መሥመር ያስቀመጠበትን ልክ ያየ ሰው፥ በሦስት ገጽ ሙገሳ ውስጥ የትውልድ ስፍራ እንኳ ሲያጣ ማዘኑ አይቀርም።

ይህን ሁሉ ስንል ራሳችንን ከጥፋቱ አውጥተን አይደለም። የእኛም ወገን ከአራት ዓመት በፊት መጽሐፍ አሳትሟል፤ የኮሚቴው ጸሐፊም እኛ ነበርን። የጋራ ሥራ ያለውን ጥቅም ያየነው በዚያ ነው፤ አንዱ ፎቶግራፍ፥ አንዱ የጋብቻ ውል ይዞ መጣ፤ አክስታችን ደግሞ ከሣጥናቸው በ1951 ዓ.ም. የተሰጠ የርስት ፍርድ ግልባጭ አወጡ። አያታችን መሬቱን የረቱት በእናታቸው እናት በኩል ቈጥረው እንደ ነበር ከግልባጩ ተረዳን። ኮሚቴው ግን «መጽሐፉ የአባት ነው» ብሎ አለፈው።

በዚያው ግልባጭ ላይ ሌላም ነገር ነበረ። ለአያታችን ከቀረቡት ምስክሮች አንዱ በሕፃንነቱ ተሸጦ ወደ ቤታቸው የመጣ፥ በዚያው ያደገ ሰው ነው፤ ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ከቀረ በኋላም ከቤቱ አልወጣም፤ ልጆቹም የአያታችንን ስም ይዘው አድገዋል። ባላጋራው ተነሥቶ ምስክሩን ሲቃወም ዳኛው «ምንህ ነው?» ብለው አያታችንን ጠየቋቸው። አያታችን «አሽከሬ ነው» ቢሉ ምስክርነቱ ሊቈጠርላቸው ይችል ነበር፤ «ልጄ ነው» አሉ። ዳኛውም የልጅ ምስክርነት አንቀበልም ብለው ቃሉን ጣሉት። ከላይ ከጥቅሙ ጋር የሚጋጭ ቃል ይታመናል ያልነው ይህን ይዘን ነው።

ኮሚቴው ሁለት ቀን ተከራከረ። በመጀመሪያ «በቤቱ ያደጉ» ተብሎ በመጨረሻው ገጽ እንዲገባ ተወሰነ፤ በመጨረሻው የማተሚያ ቤት እርማት ላይ ደግሞ እንዲወጣ ተባለ። የሰረዝነው እኛ ነን፤ በቀይ እስክሪብቶ፥ አንድ መሥመር። ልጆቹ የመዋጮአቸውን ድርሻ አስቀድመው ከፍለው ነበር፤ ገንዘቡ አልተመለሰላቸውም፤ እነርሱም አልጠየቁም።

መጽሐፉ ሲደርስ አክስታችን ማንበብ ስለማይችሉ እኛ አነበብንላቸው። እርሳቸው በጣታቸው እየቈጠሩ ይሰሙ ነበር፤ ከወንድሞቻቸው ተራ ስንደርስ አንድ ጣት ተረፋቸው። «ልጄ፥ እሱን የት ጣላችሁት? አባቴን የቀበረ እሱ አይደለም ወይ?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

አሁን ስለ ሁለተኛ እትም እየተነገረ ነው። የፍርዱ ግልባጭ ከነቃሉ በመጽሐፉ እንዲታተምና ስሙም በልጅነት ተራ እንዲገባ በጽሑፍ ጠይቀናል። ኮሚቴው እስካሁን አልመለሰልንም።