የስለት ልጅ እና የተጠራ ልጅ

ወዳጆቼ፣ በንፋስ መውጫ ብርድ ጋቢ ተከናንቦ ማንበብ ምን ያህል እንደሚጥም ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። በዚህ ሩብ ዓመት በኅብረታችሁ አንብባችሁ እንድትወያዩበት የምለምናችሁ መጽሐፍ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በ1958 ዓ.ም. ታትሞ፣ ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው አገሩ ሁሉ ጆሮውን የሰጠው ልብ ወለድ። «ዓለማዊ መጽሐፍ ነው፤ ለእኛ ምን ይፈይዳል?» የሚል ወንድም እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ምኞቱ ስለዘገየበት እግዚአብሔርን ላኮረፈ ወጣት ግን የገዛ ልቡን የሚያሳይ መጽሐፍ ነው።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ገባ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ሲቋረጥና ሲቀጥል ያያችሁ ትውልድ ናችሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኞች 3 ያህል ብቻ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ፣ ሥራ፣ ትዳር ብላችሁ በጸሎት ደብተራችሁ የጻፋችሁት ሁሉ ዛሬ ነገ እየተባለ ዓመታት አልፈዋል። እኛም ልናጽናናችሁ ስንመጣ የምንለው አንድ ነገር ነው፦ «የእግዚአብሔር ጊዜ ገና ነው።»

እስቲ ይህን ቃል ይዛችሁ ሰብለ ወንጌልን ተመልከቷት። የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት። ባል የሚሆናት በየጊዜው ይመጣል፤ አባቷ ግን በዘር አይመጥነንም እያሉ ይመልሱታል። ዕድሜዋ ይሄዳል፤ ጠያቂም ይጠፋል። ታዲያ ይህ የእግዚአብሔር ጊዜ ነው? አይደለም፤ የአባት ትዕቢት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ሰው የሠራውን ጥፋት በአምላክ ስም አይሸፍንም፤ የመጽሐፉ አንዱ ብርታት ይህ ነው። የተዘጋ ትምህርት ቤትም ሆነ በሰው እጅ የመጣ ጦርነት ያስቀረባችሁን ሁሉ «እግዚአብሔር አዘገየው» ብትሉ ሰውን ነጻ ታወጣላችሁ፤ እግዚአብሔርን ግን ያለ ስሙ ትጠሩታላችሁ። መታመን ክፉውን ክፉ ማለትን አይከለክልም።

በዛብህ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ልጃቸው በሕይወት እንዲቆይላቸው የጓጉ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ተስለውታል። ሰብለን ማንበብና መጻፍ ሲያስተምር ፍቅር ሲይዘው፣ ያ ስለት በልቡ ላይ እንደ ዕዳ ይከብደዋል። እሱ ባልተዋዋለው ውል ባለዕዳ ሆኗል፤ እግዚአብሔርም አበዳሪ መስሎ ይታየዋል።

እዚህ ላይ በሌላው ሰው ልማድ ለመሳለቅ እንዳትቸኩሉ። «ይህን ያህል ቀን ጾሜአለሁ፣ ይህን ያህል አገልግያለሁ፤ ስለዚህ ልትሰጠኝ ይገባል» ያልንበት ሌሊት የለም? ስለቱ የእኛም ነው፤ ስሙን ብቻ ለውጠነዋል። ያልተሰጠን ዕለት የምንኮርፈውም ለዚህ ነው፤ አባት የጠየቅን መስሎን ዕዳ እየሰበሰብን ነበርና።

ይህን ታሪክ ከ1ኛ ሳሙኤል ጋር ጎን ለጎን አንብቡት። ሐናም ተስላለች። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ልብ በሉ። አንደኛው፣ ሐና ኀዘኗን አልደበቀችም፤ ካህኑ ዔሊ የሰከረች እስኪመስለው ድረስ ልቧን አፈሰሰች። ከዚያ ሄዳ በላች፤ ፊቷም ከእንግዲህ ያዘነ አልሆነም (1፥18)። ያን ጊዜ ሳሙኤል ገና አልተፀነሰም! ፊቷ የተፈታው ሸክሟን ለሚሰማ አምላክ ስላስረከበች ነው። ሁለተኛው፣ እናቱ ብትሳለውም እግዚአብሔር ራሱ ሳሙኤልን በሌሊት በስሙ ጠራው፤ ልጁም በገዛ አፉ መለሰ (ምዕራፍ 3)። በዛብህን ግን «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ የጠየቀው የለም። በስለት ልጅና በተጠራ ልጅ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

መጽሐፉ እንከን የለውም አልልም። ሰብለ መነኩሴ መስላ በዛብህን ፍለጋ ስትወጣ፣ ሽፍቶች አቁስለውት በመንገድ ላይ ሲያጣጥር ታገኘዋለች። እዚህ ላይ ግጥምጥሙ ይበዛል፤ የደራሲው እጅ ይታያል። ሆኖም ሐዲስ አንባቢውን ለማስደሰት ሲሉ የሐሰት ሠርግ አልደገሱም። በእኛ መድረክ ምስክርነት የሚሰጠው ነገሩ የተሳካለት ብቻ ነው፤ ያልተሳካለት ወንድም ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ያጨበጭባል። ዕብራውያን 11 ግን የተስፋውን ቃል ሳይቀበሉ በእምነት የሞቱትን ከእምነት ሰዎች ተርታ ይቆጥራል። ልብ ወለዱ መቃብሩ ላይ ይቆማል፤ እነዚያ ሰዎች ግን ከሩቅ አይተው ተሳለሙት። እኛ ከመጽሐፉ የምንለየው እዚህ ላይ ነው፤ ልዩነቱን የምናየውም መቃብሩ ድረስ አብረን ከሄድን ነው።

ስትወያዩ ሁለት ጥያቄ አንሡ። ያዘገየኝ ማን ነው፦ እግዚአብሔር፣ ሰው ወይስ እኔው ራሴ? ደግሞስ የጠየቅሁትን ባይሰጠኝ፣ እሱን ራሱን እፈልገዋለሁ? ለሁለተኛው ጥያቄ ቶሎ አትመልሱ። ከመካከላችሁ «አላውቅም» ብሎ የሚያለቅስ ቢኖር ጥቅስ አትወርውሩበት፤ አጠገቡ ተቀመጡ። ሐናም መጀመሪያ ያደረገችው ማልቀስ ነበር።