«ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ»

በሀገራችን የካሴትና የሲዲ ሽፋኖች ላይ በደቃቅ ፊደል ከሚታተሙት መግለጫዎች መካከል አንዲት አጭር ሐረግ ልትጤን ይገባታል፤ ይኸውም «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» የምትለው ናት። ከላይ ሲያዩዋት የአክብሮት ቃል ትመስላለች። በጋሞ ደጋ ዘፈን ላይ ስትለጠፍ ግን ምን እንደምትሸፍን ቀርቦ መመልከት ያሻል።

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ሽቅብ ወደ ጨንቻ ሲጓዙ የሚገኙት ዶርዜዎች በሸማ ሥራቸው የታወቁ ናቸው፤ የአዲስ አበባው ሽሮ ሜዳም ለዚህ ምስክር ነው። ዘፈናቸው ግን የሸማቸውን ያህል አልተወራለትም። አንድ አውጪ ሲያወጣ ሌላው በአንድ ዜማ ሲቀበለው ለለመደ ጆሮ፣ የዶርዜ ዘፈን መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። አውጪው ዜማውን ይጀምረዋል እንጂ ብቻውን አይጨርሰውም። አንዱ በራሱ መስመር ይገባበታል፤ ሌሎች ዝቅ ባለ ድምፅ ሥሩን ይዘው ይመላለሳሉ፤ ሌላው ደግሞ ከደረት ድምፅ ወደ ቀጭን ድምፅ ድንገት እየዘለለ ከበላይ ያንዣብባል። ሸማኔው ለመስቀል ወደ ሀገሩ ሲመለስ የሚጠብቀው ዘፈን ይህን የመሰለ ነው። እዚህ ላይ የሌላውን ዘፈን መዝፈን ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ሌሎች ካልገቡበት ዘፈኑ ዘፈን አይሆንም።

ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ-ዣኮብ የቀረጻቸው የዶርዜ ዘፈኖች በ1977 እ.ኤ.አ. በሸክላ ሲታተሙ፣ ርእሱ ራሱ የዶርዜን ስም ይዞ ወጥቷል። የድምፆቹም ብዛት እንዳለ ተቀርጿል። የኛው ዘመናዊ ቅጂ ግን ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይለያል። ድምፃዊው ጎልቶ የተሰማውን ዜማ ብቻ ይመዛል፤ የቀረውን ኪቦርድ ይሞላዋል። (ኪቦርዱስ ምን ጥፋት አለበት? የታዘዘውን ነው የሚጫወተው።) እንዲህ ሲሆን የተወሰደው ከሸማው የተመዘዘ አንድ ክር ሆኖ ሳለ፣ ሽፋኑ ላይ ግን ሸማው በሙሉ እንደ ቀረበ ይነገራል።

ወደ መድረክ ማምጣት በራሱ ኃጢአት ነው ማለታችን አይደለም። በ1963 እ.ኤ.አ. በግብፃዊው ሐሊም ኤል-ዳብህ የተመሠረተው፣ በኋላም በተስፋዬ ለማ የተመራው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ፣ ተለያይተው የኖሩትን ክራርና መሰንቆ፣ ዋሽንትና እምቢልታ በአንድ መድረክ አሰባስቧል። ዋናውን መልክ ለውጧል የሚል ክርክር ቢነሣበት አያስገርምም። ሆኖም ተከራካሪው ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል፤ የቀማሪዎቹ ስም የታወቀ ነውና።

«የሕዝብ» የሚለው ቃል ግን ተጠያቂ የለውም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት ዘመን የሚቆጥረው በደራሲው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ ባሉት 50 ዓመታት ነው። አምስትና ስድስት ሆነው የሚፈጥሩትን፣ ትውልድ ከትውልድ የሚቀባበለውን ዘፈን በዚህ መስፈሪያ መስፈር አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ሕጉ እስኪደርስ ድረስ ኃላፊነቱ የሚወድቀው በአሳታሚውና በድምፃዊው ላይ ነው። ዜማው ከየትኛው ቀበሌ እንደ ተሰማ፣ እነማን ዘፍነው እንዳስተማሩ፣ ከድምፆቹ የትኛው ተወስዶ የትኛው እንደ ተተወ ቢጻፍ፣ ሽፋኑ ላይ የሚፈጀው ቦታ ሦስት መስመር ነው።