ለኢኬሜፉና ማን ይፍረድለት?

ባለፈው ሳምንት የንባብ ክበባችን የቺኑዋ አቼቤን «ቲንግስ ፎል አፓርት» አንሥቶ ሲከራከር አምሽቶ ነበር። የማታ ማታ ግን ክርክሩ ባንድ ዓረፍተ ነገር ተዘጋ። አንዱ ጓደኛችን፣ «ባህላቸው ነው፤ እኛ ምን አግብቶን እንፈርድባቸዋለን?» አለ። ጸጥ ተባለ። የትሕትና ንግግር ስለ መሰለን ማናችንም አፋችንን አልከፈትንም። እኔም ዝም ካሉት አንዱ ነበርኩ። «ኧረ እንዲህስ አይደለም!» ያልኩት መኝታዬ ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ልቦለዱ በ1958 እ.ኤ.አ. የታተመ ሲሆን፣ በናይጄሪያ የኢግቦ ሕዝብ ነጭ ገዢ ሲመጣበት የነበረውን ሕይወት ይተርካል። ኢኬሜፉና ከሌላ መንደር በካሣ የተሰጠ ልጅ ነው። የመንደሩ ሰዎች አንዲት የኡሞፊያ ሴት ገደሉ፤ ዕዳውን እሱ ከፈለ። ሦስት ዓመት በኦኮንኮ ቤት አደገ፤ «አባቴ» ማለትም ለመደ። ከዚያ የአምላካቸው ቃል «ይገደል» አለ። ጫካ ውስጥ ተመትቶ ወደ «አባቱ» ሲሮጥ፣ ፈሪ እንዳይባል ቆንጨራውን ያሳረፈበት ራሱ ኦኮንኮ ነው።

እንግዲህ «ባህላቸው ነው» የምትለውን ቃል እዚህ ላይ እናምጣት። የማን ባህል? ሽማግሌው ኤዜውዱ በልጁ ሞት እጁን እንዳያስገባ ኦኮንኮን መክሮት ነበር። ወዳጁ ኦቢዬሪካ አልሄድም ብሎ ቤቱ ቀረ። የኦኮንኮ ልጅ ንዎዬ የኢኬሜፉናን መገደል ሲያውቅ ውስጡ ተሰበረ። ይኸው ኦቢዬሪካ፣ ሚስቱ የወለደቻቸው መንታዎች ጫካ መጣላቸው ትዝ ብሎት፣ «ምን በደሉ?» እያለ ራሱን ይጠይቃል። እነዚህ ሁሉ ኢግቦዎች ናቸው። እኛ «ባህላቸው ነው» ስንል ከኦኮንኮ ጎን ቆመን ኦቢዬሪካን ዝም ማሰኘታችን ነው። አልፈረድንም ብለን ፈርደናል ማለት ነው።

የጓደኛችን ሥጋት ግን ከንቱ አይደለም። በመጽሐፉ መጨረሻ ነጩ የአውራጃ ገዢ የኦኮንኮን ሬሳ ተሰቅሎ ያያል። ሊጽፈው ላሰበው መጽሐፍ አንድ አንቀጽ እንደሚወጣው ያሰላል። እኛ ሃያ አምስት ምዕራፍ ያነበብንለትን ሰው እሱ ባንዲት አንቀጽ ሊገላገለው ነው! ጥፋቱ ግን መፍረዱ አይመስለኝም፤ ቋንቋቸውን ሳያውቅ፣ ምስክር ሳይሰማ መፍረዱ ነው። አቼቤ ራሱ በ1975 እ.ኤ.አ. አሜሪካን አገር፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ባደረገው ንግግር የኮንራድን «ሃርት ኦፍ ዳርክነስ» ዘረኛ ድርሰት ነው ሲል ያለ ርኅራኄ ነቅፏል። «የአውሮፓውያን ባህል ነው» ብሎ አላለፈም። ነገር ግን መጽሐፉን አገላብጦ አንብቦ ነው የፈረደው።

ነገሩ ከኛም ሩቅ አይደለም። ደቡብ ኦሞ ውስጥ ካራዎች «ሚንጊ» የተባሉ ሕፃናትን የመግደል ልማዳቸውን በ2004 ዓ.ም. አቁመናል ብለዋል። ሽማግሌዎቹን የተከራከሩት ከዚያው የተወለዱ ወጣቶች ነበሩ። እኛ ከተሜዎች ይህን ሰምተን «አይ አረመኔነት!» ከማለታችን በፊት የራሳችንን የሕግ መጽሐፍ እንግለጥ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባት ከክስ ነፃ ያደርገው ነበር። ይህ የተሻረው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። እስከዚያ ድረስ «ባህላችን ነው» ይባልላት የነበረችውን ልጅ ማን ጠየቃት?

አቼቤንም አንድ ነገር እወቅሰዋለሁ። ንኔካ የምትባል ሴት አለች። አራት ጊዜ መንታ ወልዳ አራቱንም ጊዜ ልጆቿ ተጥለውባታል። እንደገና ስታረግዝ ሸሽታ ወደ ክርስቲያኖቹ ገባች። ከሁሉ በላይ የምትመሰክረው እሷ ነበረች፤ ደራሲው ግን አንድም ቃል ሳያናግራት አለፈ።

በቋንቋችን «ፈረደበት» እንዳለ ሁሉ «ፈረደለት»ም አለ። ክበባችን ያን ማታ የመጀመሪያውን ብቻ አንሥቶ ተበተነ። «እንፈርድባቸዋለን ወይ?» ካልን፣ «ለማን እንፈርዳለን?» ማለትም አለብን። በሚቀጥለው ስብሰባ ጓደኛችን ይቅርታ ያድርግልኝና ክርክሩን ከንኔካ እንድንጀምር እጠይቃለሁ።