የስደተኞች አዋጅና የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ድርሻ

ስደተኛን በማቋቋም ተግባር መጠለያ፣ ቀለብና ሕክምና ቀዳሚውን ስፍራ መያዛቸው ተገቢ ነው። ስደት ለዓመታት ሲዘልቅ ግን ሰውን በእግሩ የሚያቆመው ትምህርት መሆኑ አያከራክርም። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 መመርመር የሚገባውም በዚሁ አንጻር ነው።

የአዋጁ አንቀጽ 24 ስደተኛውም ሆነ ጥገኝነት ጠያቂው በቅድመ መደበኛና በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ከኢትዮጵያዊ ዜጋ ጋር እኩል እንዲስተናገድ ይደነግጋል። ይህ ምስጋና የሚገባው ድንጋጌ ነው። ወደ ሁለተኛ ደረጃ፣ ወደ ቴክኒክና ሙያ እንዲሁም ወደ ከፍተኛ ትምህርት ሲደርስ ግን ቃሉ ይላላል። ስደተኛው ሊያገኝ የሚችለው ለውጭ አገር ዜጎች የሚደረገውን የተሻለ አያያዝ ነው፤ ይኸውም ባለው ሀብት መጠን የተወሰነ ነው። የአገር አቅም ውሱን በመሆኑ ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጉድለቱ የትምህርት እርከኖቹ አንዱ ያለ ሌላው ሊቆም እንደሚችል ተደርጎ መታሰቡ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ያለ መምህር አይኖርም፤ መምህሩም የሚወጣው ከኮሌጅ ነው። በመጠለያ ጣቢያ ትምህርት ቤቶች ከሚያስተምሩት ብዙዎቹ ራሳቸው ስደተኞች ሲሆኑ፣ በቂ ሥልጠና ሳያገኙ በአነስተኛ የማበረታቻ ክፍያ የሚሠሩ ናቸው። ስለሆነም የኮሌጁ በር በጠበበ መጠን በታችኛው እርከን ለሕፃኑ የተረጋገጠለት መብት በወረቀት ላይ ይቀራል።

የነፃ ትምህርት ዕድል ብቻውን ይህን ክፍተት አይሞላም። በጀርመን መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረው ዳፊ የተባለው የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን መርሐ ግብር ብዙ ወጣቶችን ለዲግሪ አብቅቷል። ዳሩ ግን የነፃ ትምህርት ዕድል የሚጠቅመው ሁለተኛ ደረጃን ለመጨረስ የታደለውን ነው፤ የኮሌጁን አሠራርም አይለውጥም።

የጋምቤላ ሁኔታ ሌላ መንገድ እንዳለ ያመለክታል። ከደቡብ ሱዳን ከመጡት ስደተኞች ብዙዎቹ ኑዌርኛ ተናጋሪዎች ሲሆኑ፣ ቋንቋው በክልሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ማስተማሪያ ነው። በክልሉ የመምህራን ኮሌጅ ስደተኞች መምህራን እንዲሠለጥኑ መደረጉ በመልካም ጅምርነት ሊታይ ይገባዋል። ጅምሩ እንዲሰፋ ኮሌጆች ሦስት ተግባራትን በሥርዓተ ትምህርታቸው ሊያካትቱ ይችላሉ። አንደኛ፣ የምስክር ወረቀቱ በስደት ለጠፋበት ሰው የደረጃ መመደቢያ ፈተና ማዘጋጀት፤ ሁለተኛ፣ በመጠለያ ጣቢያ ያስተማረበትን ዘመን በልምድ ቆጥሮ በክረምት መርሐ ግብር መቀበል፤ ሦስተኛ፣ የኢትዮጵያውያን ዕጩ መምህራንን የማስተማር ልምምድ በከፊል በስደተኞች ትምህርት ቤቶች ማካሄድ ናቸው።

የአገሬው ወጣት በቂ የኮሌጅ ቦታ ሳያገኝ ለስደተኛ ቦታ መስጠት አግባብ አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ተጨማሪ ቦታ ተጨማሪ በጀት ይጠይቃልና። ሆኖም የስደተኛውና የአስተናጋጁ ኅብረተሰብ ልጆች በአንድ ክፍል የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። በዚያ ክፍል ያልሠለጠነ መምህር ሲቆም ጉዳቱ ለሁለቱም ነው፤ የሠለጠነ ሲቆምም ጥቅሙ እንዲሁ የጋራ ይሆናል።