መሪውን በመልኩ እንለየዋለን፤ ወታደሩንስ?

(በትግላችን ሐውልት ላይ የቀረበ አጭር ሂስ)

ሂስ ሲባል ብዙዎቻችን ልብ ወለድና ግጥም ብቻ ይታየናል። ሐውልትም እኮ ይነበባል! እንዲያውም አንባቢው ከመጽሐፍ አንባቢ ይበዛል፤ ፊደል የቆጠረውም ያልቆጠረውም፣ ታክሲ የሚጠብቀውም፣ ሕመምተኛ ሊጠይቅ የመጣውም ያነበዋል። ስለዚህ በዚህ እትም ከተክለ ሃይማኖት ወደ ቸርችል ጎዳና ብቅ ስንል፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የምናገኘውን የትግላችን ሐውልት እንደ አንድ የኪነ ጥበብ ሥራ እንመርምረው። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ይህ ሥራ የወደቀውን ወታደር ያከብረዋል ወይስ ይጠቀምበታል?

ሐውልቱ የተመረቀው መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ለወደቁት ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን መታሰቢያ እንዲሆን ታስቦ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጃቸውን አሳርፈውበታል። 50 ሜትር ገደማ የሚረዝም ዓምድ፣ ከጫፉ ላይ ቀይ ኮከብ፣ ከሥሩ ሰንደቅ ዓላማ ከፍ አድርገው የሚገሰግሱ ወታደሮች፣ በግራና በቀኝ ደግሞ ታሪክ የሚተርኩ የግድግዳ ቅርፆች አሉት።

የሚመሰገነውን እናመስግን። መነሻው እውነተኛ ነው። ጂጂጋ በጠላት እጅ ገብታ ነበር፤ ካራማራ ላይ ደም ፈሶ፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ከተማዋ ተመለሰች። ሞፈር ቀንበሩን አስቀምጦ፣ በታጠቅ ጦር ሠፈር ጥቂት ጊዜ ሠልጥኖ የዘመተው ገበሬ ምስጋና ይገባዋል። የዓምዱ ቁመትም ቢሆን መንገደኛውን ቀና ያሰኛል። የካቲት 26 ሲደርስ አረጋውያን ዘማቾች ኒሻናቸውን ደርድረው እዚያ ሲሰበሰቡ ያየ ሰው፣ ቦታው ከንቱ ነው ብሎ አይናገርም።

ጉድለቱ ያለው ከአቀራረፁ ላይ ነው። የግድግዳውን ቅርፅ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ሕዝቡን የሚመራውን ሰው ወዲያው እንለየዋለን፤ መንግሥቱ ኃይለማርያም ነው። ማንም ሳይነግረን በመልኩ እናውቀዋለን። ወታደሩስ? ደረተ ሰፊ፣ ክንደ ብርቱ፣ ዓይኑ ሩቅ የሚያይ፤ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። የሐረርጌው ከጎጃሜው፣ የወለጋው ከወሎዬው አይለይም። ነቅለው ሌላ አገር ቢተክሏቸው «የእኛ አይደሉም» የሚል አይገኝም። ባሕር ተሻግረው መጥተው የወደቁት የኩባውያን ምስል ግን በዚያው ግቢ አለ። እነሱ ፊት ስንቆም ከሰው ጋር ነው የምንተያየው። የኛው ወታደር ደግሞ ከሰውነት ወደ ምልክትነት ተለውጧል።

«ታዲያ ምን ይደረግ? ያ ሁሉ ሰው በስሙ ይቀረፅ ልትል ነው? ሶሻሊስታዊ እውነታዊነት የሚሻው ዓይነተኛ ገፀ ባሕርይ ነው፤ አንዱ ስለ ሁሉ ይቆማል» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። መልካም። ዓይነተኛ ገፀ ባሕርይ ግን ዓይነተኛ የሚሆነው በመጀመሪያ ሰው ሲሆን ነው። ጠባሳ፣ ልማድ፣ ፍርሃት የሌለው ገፀ ባሕርይ ስለማንም ሊቆም አይችልም። ስሙ ይበዛል ለሚለውም፣ የኛው ሐውልት ከመመረቁ 2 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1975 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ አሜሪካኖች በቬትናም ለሞቱባቸው በዋሽንግተን ጥቁር ግድግዳ አቁመው ከ57,000 በላይ ስም ቀርፀውበታል። ጄኔራልና ተራ ወታደር ሳይባል፣ እንደ አሟሟታቸው ቀን ተራ በተራ። ጦርነቱን ያወገዘውም የደገፈውም መጥቶ በጣቱ ስም ይዳስሳል። ለማይታወቀው ወታደር ሐውልት ያቆሙት አገሮችም ቢሆኑ የሬሳው ማንነት ስለጠፋባቸው ነው እንጂ ስምን ስለናቁ አይደለም።

ለመሆኑ ምሳሌ ፍለጋ ዋሽንግተን ድረስ ምን አስኬደን? እዚያው ተክለ ሃይማኖት ሠፈር ውስጥ ሰው ሲሞት የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ገና ጎህ ሳይቀድ ይነሳል። «አንድ ጀግና አረፈ» ብሎ አያልፍም፤ የማን ቤት እንደሆነ፣ ማን እንደሞተ በስም ይጠራል። ድንኳኑ ውስጥ ፎቶግራፍ ይቀመጣል። ሬሳው በረሃ የቀረበት ቤተሰብማ ከፎቶግራፉና ከልብሱ ሌላ ምን የሚያለቅስበት አለው? ባላገር ስንወርድ ደግሞ አልቃሿ አለች። ጥሩ አልቃሽ ከማልቀሷ በፊት ትጠይቃለች። አባቱ ማን ነው? ፈረሱ ማን ይባላል? ምን ዓይነት ጠመንጃ ይዞ ነበር? ማንን ትቶ ሄደ? ይህን ሳታውቅ ሙሾ ብታወርድ ዘመድ ይታዘባታል። የሥነ ቃላችን ደንብ እንግዲህ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ማወቅ፣ ከዚያ ማወደስ። ሐውልቱ ይህን ደንብ ገለበጠው፤ ሳያውቅ አወደሰ።

በጽሑፍስ? በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው «ኦሮማይ» የቀይ ኮከብን ዘመቻ የሚተርክ ልብ ወለድ ነው። ተራኪው ጋዜጠኛ ፀጋዬ ኃይለማርያም የተላከው ዘመቻውን በፕሮፓጋንዳ ሊያደምቅ ሲሆን፣ መጨረሻ ላይ ናቅፋ ግንባር ወርዶ ሰው ሲረግፍ ያያል። መጽሐፉ በፍቅር ታሪኩ በኩል ትንሽ ይንዛዛል፤ ይህን አንክድም። ሆኖም ወታደሩ እዚያ ውስጥ ይጠማል፣ ይቀልዳል፣ ይፈራል፣ ይወድቃል። አንባቢው የሚያዝነው ለዚህ ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ። ሰባት ወር ያህል ቆይቶ የትግላችን ሐውልት ተመረቀ። ወታደሩን በሥጋና በደሙ ያሳየው ሥራ ሲታገድ፣ ምልክት ያደረገው ደግሞ በሰልፍና በርችት ዘመን ቆመ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያላነበበ ያንን ዘመን አነበብኩ ማለት የለበትም።

ውጤቱንም ተመልከቱ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነ፤ የትናንት ዘማች መለዮውን እንደለበሰ በየጎዳናው እጁን ዘረጋ። ድንጋዩ ላይ ያለው ወታደር ግን እንደ ገሰገሰ ነበር። ሰውየው ከመጀመሪያውም ስላልታወቀ፣ ሐውልቱን ሳይነኩ ሰውየውን መርሳት ቀላል ሆነ። ነገሩ የዱሮ ብቻ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት ልጁን የላከ ቤት በየክልሉ ስንት ነው? በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በትግራይ የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ ለቤተሰቦች መርዶ ሲነገር፣ እናቶች የጠበቁት ወሬ ስለ ድልና ስለ ጀግንነት አልነበረም። የልጃቸውን ስም ነበር የጠበቁት። በየትኛውም ወገን ያለች እናት ከዚህ የተለየ አትጠብቅም።

ይህን ሁሉ የምለው ሐውልቱ ይፍረስ ለማለት አይደለም። ይቁም፤ የታሪካችን አንድ ገጽ ነው። የሚያሳስበኝ የእኛው ብዕር ነው። ለዚህ ቡሌቲን ስለ ወደቁ ወታደሮች የሚደርሱን ግጥሞች አብዛኞቹ «አንበሳው»፣ «ነበልባሉ»፣ «የማይሞተው» እያሉ ይጀምሩና እንደዚያው ያልቃሉ። ትንንሽ የትግላችን ሐውልቶች ናቸው! ቤት መታ፣ ሰው ግን ጠፋ። የአልቃሿን ደንብ እንያዝ። ከመጻፋችን በፊት አንድ ዘማች፣ አንዲት እናት፣ አንድ ወንድም ቀርበን እንጠይቅ፤ ስሙ ማን ነበር? የትኛው ክፍለ ጦር? መኝታው ላይ ምን ያወራ ነበር? ደብዳቤ ይጽፍ ነበር? ማን ነው እስካሁን በር በሩን የሚያየው? መልሱን ካገኘን በኋላ «ጀግና» የሚለውን ቃል ብንጨምረውም ባንጨምረውም ግድ የለም፤ አንባቢው ራሱ ይለዋል።