ዕቅዱ ከወንዙ ይጀምር

የፍሳሽ ማጣሪያ ሲታቀድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ስንት ሰው እንደሚኖርና በቀን ስንት ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንደሚወጣ ነው። ይህ መታወቅ አለበት፤ የዕቅዱ መነሻ ሲሆን ግን ሥራው ከጅምሩ ይዛባል። መነሻው የተጣራው ውሃ የሚገባበት ወንዝ፣ ያውም የጥርና የየካቲት ወንዝ መሆን አለበት ባይ ነኝ። የአዲስ አበባውን የአቃቂ ወንዝ እንውሰድ። በነሐሴ ድልድይ ሥር ሲያጓራ ላየው ሰው የመጣለትን ሁሉ ጠርጎ የሚወስድ ይመስላል፤ በበጋ ግን የራሱ ውሃ ይሳሳና የከተማው ፍሳሽ ይበረታበታል። ልዩነቱን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። የወንዙን ኦክስጅን የሚሻማው ቆሻሻ ከማጣሪያው በሚወጣው ውሃ ውስጥ በሊትር 60 ሚሊ ግራም፣ በወንዙ ውስጥ 2 ሚሊ ግራም ነው እንበል። ክረምት ላይ አንድ እጅ ፍሳሽ ከ19 እጅ ወንዝ ጋር ሲቀላቀል ውጤቱ 5 ገደማ ነው። በጋ ላይ አንድ ለአንድ ሲሆን 31 ይደርሳል፤ ወንዙ ይጠቁራል፣ ይሸታል። ማጣሪያው ያው ነው፣ ሠራተኛውም ያው ነው።

በጋ ደግሞ ገበሬው ውሃውን አጥብቆ የሚፈልግበት ወቅት ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ከመውረዳቸው በፊት በዳርቻቸው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል። ሰላጣ ጥሬውን ይበላል። ስለዚህ ከሽታው ይልቅ ሊያስጨንቀን የሚገባው የወስፋት እንቁላል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ዓይነቱ መስኖ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር ከ1 እንቁላል ያልበለጠ ነው። እንቁላሉ ቅርፊቱ ጠንካራ በመሆኑ ክሎሪን አይበግረውም፤ ከውሃ ግን ይከብዳል። ፍሳሹ በተከታታይ ኩሬዎች ከ8 እስከ 10 ቀን ከቆየ እንቁላሉ በራሱ ጊዜ ይዘቅጣል። ለዚህ ሞተርም መብራትም አያስፈልግም።

ኩሬ ሰፊ መሬት ይበላል፣ አዲስ አበባ ውስጥ መሬት ከየት ይመጣል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በተለይ በመሐል ከተማ ኩሬ አይታሰብም። እዚያ ተዳፋቱ ያግዘናል፦ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ከተማው ወደ ደቡብ እያዘቀዘቀ ስለሚወርድ ፍሳሹ ያለ ፓምፕ ወደ ቃሊቲው ማጣሪያ ይሄዳል። ቱቦው የሚደርስበት ሰፈር ወደዚያ ይገናኝ። ጥያቄው የሚከብደው ቱቦ ላልደረሳቸው የኮንዶሚኒየም መንደሮች ነው። ለእነዚህ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው አየር እየተነፋበት የሚሠራ ትንሽ ማጣሪያ ነው፤ ሲሠራ የሚወጣው ውሃ ጥሩ ነው፣ ቦታም ይቆጥባል። ነገር ግን ቆሻሻውን የሚበሉት ተሕዋስያን ኦክስጅን ይፈልጋሉ። መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ ይታፈናሉ፤ እንደገና እስኪያገግሙ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ያልፋሉ፤ እስከዚያው ያልተጣራው ወንዝ ይገባል። ጄኔሬተር ይገጠማል ይባላል፤ የነዳጁ በጀት ለዓመታት ካልተመደበ ግን ጄኔሬተሩ ብቻውን መልስ አይሆንም። መሬት በሚገኝበት መንደር የዝቃጭ ማጠራቀሚያ ጋንና ሸምበቆ የተተከለበት የጠጠር መደብ ይሻላል እላለሁ። እዚህም ጥንቃቄ አለው፤ በጋኑ ውስጥ ያለ አየር የሚሠሩ ተሕዋስያን ከ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ስለሚፈዙ፣ ለቆላ የተሰላ የጋን መጠን ለአዲስ አበባ ብርድ ያንሳል።

ሌላው ተቃውሞ ድሃ ከተማ ጥብቅ መስፈርት አይችልም የሚለው ነው። ሁሉንም በአንዴ አይችልም። ቅደም ተከተል ማውጣት ግን ይችላል፦ መጀመሪያ ዝቃጩና እንቁላሉ፣ ቀጥሎ ኦክስጅን የሚሻማው ቆሻሻ፣ ከዚያ ግድብን አረም የሚያለብሱት ናይትሮጅንና ፎስፎረስ። ከውሃው የወጣው ዝቃጭም የሚደርቅበት መደብ ከሌለው በመጀመሪያው ክረምት ጎርፍ ጠርጎት ተመልሶ ወንዝ ይገባል።

ንድፍ ላይ የምትፈርሙ ባልደረቦቼ፣ ከሰነዱ ውስጥ የጥር ወር የወንዝ ልኬትና የዝቃጭ ማድረቂያው ቦታ ከሌሉ አትፈርሙ።